የሽማግሌ እግር

ደመኛ ያለበት ሰው ገበያ የሚወርድበት መንገድ ከሌላው ሰው መንገድ ይለያል። ዋናውን መንገድ ትቶ በማሳ ዳር ያቋርጣል፤ ብቻውን አይሄድም፤ ጀርባውን ለሰው አይሰጥም፤ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይመለሳል። ወፍጮ ቤት ወረፋ አይጠብቅም። ቤተ ክርስቲያንም ቢሳለም ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ከሄደ እናቲቱ እስኪመለስላት ድረስ ደጅ ደጁን ታያለች። ከደጀን እስከ ቢቸና፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ያደገ ሰው ይህን አረማመድ ከሩቅ ይለየዋል።

በዚያው አገር ሌላም አረማመድ አለ። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ናቸው። ከፊት አንድ ቄስ መስቀሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል፤ ሌሎቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ይከተሉታል። አይቸኩሉም። ያያቸው ሁሉ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃል፤ ግን አይጠይቅም። የሚሄዱት ወደ ሟች ቤት ነው። ዛሬ እሺ እንደማይባሉም ያውቁታል።

ስለ እርቅ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው የመጨረሻው ቀን ነው፤ ዋርካው፣ ክብ ሠርቶ የተቀመጠው ሕዝብ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚንበረከከው ገዳይ፣ የሚታረደው በግ። ፎቶግራፍ የሚነሣውም ያ ቀን ነው። እኔ ግን የጎጃምን የእርቅ ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ክብደቱን የማገኘው ከዚያ ቀን በፊት ባለው ምልልስ ውስጥ ነው። መንግሥታት ከሽምግልና ሲዋሱ የኖሩት ሸንጎውን ነው፤ ክቡን። የሽማግሌውን እግር የተዋሰ ግን እምብዛም የለም።

የነገሥታቱን ዘመን ፍርድ ሳያስታውሱ ይህን መረዳት ያስቸግራል። ነፍስ ማጥፋት በዚያ ዘመን ከሁሉ በፊት የዘመድ ጉዳይ ነበር። ጥፋቱ በችሎት ተረጋግጦ ሞት የተፈረደበት ሰው ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ወገን ሟች በሞተበት ዓይነት መሣሪያ ይገድለዋል፤ አለዚያም የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። በአፄ ምኒልክ ዘመን እንኳ ዳኞቹና ዙሪያውን የቆመው ሰው የሟችን ዘመዶች ገንዘቡን ተቀብላችሁ ማሩት እያሉ ይለምኑ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሲማልዱ የታየበት ጊዜ አለ። ዙፋን ላይ ያለ ሰው ባለደምን የሚለምንበት ሥርዓት ነበር ማለት ነው። እርቅ በዚያ ጊዜ የፍርዱ የመጨረሻ ደጃፍ እንጂ ከፍርድ ውጭ የቆመ ነገር አልነበረም።

ተራው ክርክርም ቢሆን ሕዝብ መካከል ነበር የሚውለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ ሌላው ይቆማል፤ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ አድርገው ይሟገታሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው አብረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የጠፋ ዕቃ ወይም ያልታወቀ ገዳይ ሲኖር ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል። የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረጋል። ይህም ክብ ሠርቶ መቀመጥ ነው፤ ነገር ግን ከሽምግልና ጋር አንድ አላደርገውም። በአውጫጭኝ ሰው የሚቀመጠው ተገዶ ነው። እርሻው ይበላሻል፤ ከብቱ ይራባል፤ ስም የሚጠራው እውነቱ ስለታወቀው ብቻ ሳይሆን ሜዳው ስለሰለቸውም ሊሆን ይችላል። ክብ ሁሉ የእርቅ ክብ አይደለም።

ደጀን የቆመችው ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ከከተማዋ ቁልቁል ሲታይ ምድሪቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለች፤ ከወንዙ ማዶ ጎሃ ጽዮን አለች። ማዶ ያለው የኦሮሞ ሕዝብ የነፍስ ዕዳን የሚፈታበት ሥርዓት ጉማ ይባላል። ቃሉ ወንዙን ከተሻገረ ቆይቷል፤ «ጉማ ከፈለ» የሚለው አነጋገር ዛሬ አማርኛ ነው። ጨው፣ በቅሎና ከብት ሲመላለስበት በኖረ ሸለቆ ላይ የእርቅ ቃል አብሮ መመላለሱ አያስገርምም። ነጋዴ ባለበት ጠብ አለ፤ ጠብ ባለበት ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ የሚለምን ሰው ያስፈልጋል።

ወደዚህኛው ዳር ሥርዓት ልመለስ። ዝርዝሩ ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ይመሳሰላል።

ነፍስ በጠፋ ቀን ገዳዩ ወይ እጁን ለፖሊስ ይሰጣል፣ ወይ ይጠፋል። ወገኑም ቤቱን ዘግቶ፣ ከብቱን ነድቶ፣ ዘመድ ወዳለበት ሌላ ቀበሌ ይሸሻል። በደም ሕግ ዕዳው የገዳዩ ብቻ አይደለምና ወንድሙም የአጎቱ ልጅም ሊመታበት ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች የሚነሡት ገና ለቅሶው ሳይበርድ ነው። የሚጠይቁት ግን እርቅ አይደለም፤ ያን ቀን እርቅ ብሎ አፍ መክፈት ነውር ነው። የሚለምኑት ጊዜ ነው። «እስከ አርባው ታገሡልን» ይላሉ። አርባው ሲደርስ «እስከ ሰማንያው»። ከዚያ «እስከ ሙት ዓመቱ»። የተስካሩ ቀን መቁጠሪያ የትዕግሥት ቀን መቁጠሪያ ይሆናል። በየምልልሱ መካከል ያለው ዝምታ ሥራውን ይሠራል። አዝመራ ይገባል፤ የሟች ልጅ አንድ ክፍል ያልፋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ጠብመንጃውን ሲወለውል የከረመው ወንድም ጠብመንጃውን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል።

ሽማግሌዎቹ በሟች ደጅ ሲደርሱ አይገቡም። ጎህ ሲቀድ መጥተው ከአጥሩ ውጭ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ቅመሱ ቢባሉ አይቀምሱም። የቤቱ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል። ይህ ንቀት ሳይሆን የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነው። የሟች ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለመን እሺ ካለ ሟቹን አርክሷል ይባላል፤ እምቢታው ለሟች የሚሰጥ ክብር ነው። ስለዚህ ሽማግሌው እምቢታውን ተቀብሎ ይመለሳል፤ ደግሞም ይመጣል። ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ ጊዜ። አንዳንዴ በመካከል አንድ መነኩሴ ወይም የቤተሰቡ የንስሐ አባት ይታከላል። አንዳንዴ ሽማግሌዎቹ ይለወጣሉ፤ የመጀመሪያው ቡድን ነገሩን ያለሰልሳል፣ ሁለተኛው ያስራል። አንድ ቀን ባለደሙ መሬት መሬት እያየ «ለመስቀሉ ስል» ይላል። ይህ ቃል ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሦስት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። ቦታው የማንም ወገን ያልሆነ ሜዳ፣ ወንዝ ዳር ወይም የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። መሣሪያ አይያዝም። ሁለቱ ወገኖች ተራርቀው ይቀመጣሉ፤ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ በመካከላቸው ሆነው ክቡን ይዘጉታል። ገዳዩ፣ እሱ ከሌለ የቅርብ ዘመዱ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣና ይንበረከካል። «ማሩኝ» ይላል። ድንጋዩን የሚያወርድለት ከሟች ወገን የሆነ ሰው ነው። እዚህ ላይ የሚሰማውን ጸጥታ የሰማ ሰው አይረሳውም። ካሳው ይቆጠራል፤ መሐላው በመስቀልና በወንጌል ይፈጸማል፤ ይታረዳል፤ ከአንድ ገበታ ይበላል። እርቅ ደም ያድርቅ፣ ይላል አገሩ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዋሱ ነው። ዋስ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ነገር ግን ከሁለቱም ጋር የሚኖር ሰው ነው። መሐላው ቢፈርስ ኀፍረቱና ዕዳው በእሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከእርቁ በኋላም ይመላለሳል፤ በበዓል የሁለቱንም ቤት ይጠይቃል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገፋፉ ሰምቶ ቀድሞ ይደርሳል። ሁለቱን ወገን በዝምድና የሚያስተሳስሩበት ልማድም አለ። ክርስትና ያነሣሣሉ፤ በጥንቱ ዘመን ጡት አጥብተው ልጅ ያደርጉ ነበር። ሴት ልጅ በጋብቻ የሚሰጡበት ጊዜም ነበር፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ትንሹ ክብ ደግሞ በየወሩ አለ። የጽዋ ማኅበር ማለቴ ነው። በጊዮርጊስ፣ በማርያም ወይም በሚካኤል ስም በየተራ የሚደገሰው ማኅበር ሙሴ የሚባል አለቃ አለው። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሙሴው ከአባላቱ የተኳረፈ መኖሩን ያጣራል። የተጣላ ሰው ጽዋውን አይቀምስም። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጋፍተው ከሆነ ወይ እዚያው ይቅር ይባባላሉ፣ ወይ ለሚቀጥለው ወር እንዲታረቁ ሁለት ሰው ይመደብላቸዋል። ጥፋቱ ገና የአንድ ትልም ያህል ሳለ ነው የሚያዘው። ከደም ማድረቂያው ታላቅ ሸንጎ ይልቅ ብዙ ነፍስ ያተረፈችው ይህች ጽዋ ሳትሆን አትቀርም፤ ያላጠፋችውን እሳት የሚቆጥርላት ግን የለም።

ሌላው ዓለም ወደዚህ አቀማመጥ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኒውዚላንድ የማኦሪ ሕዝብ የቤተሰብ ሸንጎን ልማድ ለወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ በሕግ አስገባች። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ዩኮን ግዛት ዳኛ ባሪ ስቱዋርት ከከፍተኛው ወንበር ወርደው ከተከሳሹ፣ ከቤተሰቡና ከአካባቢው ሰው ጋር ክብ ሠርተው በመቀመጥ ፍርድ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የሰላም ክብ በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ ተስፋፋ፤ የሚናገረው ሰው አንድ ዕቃ ይይዛል፣ ያልያዘው ያዳምጣል። ሩዋንዳ ከዘር ፍጅቱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 ድረስ ጋቻቻ የተባሉ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የመንደር ችሎቶችን አቋቁማ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጉዳዮችን አየች። የችሎቶቹ ስም ከሣር የመጣ ነው፤ ሕዝቡ ሲፈርድ የሚቀመጥበት ሣር። ጎጃሜ ይህን ቢሰማ ሣሩን ወዲያው ያውቀዋል። ከዚያ ግን «ሣሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ስንት ጊዜ ተመላለሱ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

የእኛ መንግሥት ከዚህ ልማድ ጋር የነበረው ግንኙነት ረጅምና የተዘበራረቀ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የአጥቢያ ዳኞች ሲሾሙ ከፍርድ በፊት ማስታረቅ ከሥራቸው ተቆጥሮ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን ነፍስ ማጥፋትን ከዘመድ እጅ አውጥቶ የመንግሥት ጉዳይ አደረገው። ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም መንግሥት ቅጣቱን ሲወስድ ቂሙን አልወሰደም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዕርቅ ጥቂት አንቀጾች አሉት፤ እነሱም ስለ ሀብትና ውል እንጂ ስለ ደም አይደሉም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ሰጣቸው። በኋላም የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት መጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይላል። ወንጀል የለበትም።

ስለዚህ ዛሬ ደም የሚደርቀው በወረቀት ላይ በሌለ ሥርዓት ነው። ፍርድ ቤቱ ገዳዩን ያስራል፤ ሽማግሌው ቤተሰቡን ያስታርቃል። አንዱ ሌላውን አይጠቅስም። ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም ግን ሽማግሌ የሌለበት ፍርድ ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ። ዐሥር ዓመት ታስሮ የወጣ ሰው በወጣ በሳምንቱ ሊገደል ይችላል፤ ለባለደሙ ዐሥሩ ዓመት የመንግሥት ነው፣ የእሱ ሂሳብ ገና አልተጀመረም። ልምድ ያላቸው ሽማግሌዎች ፍርዱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ከዘራቸውን የሚያነሡት ለዚህ ነው።

መንግሥትና ሕዝብ ራሳቸው ደመኛ የሚሆኑበት ጊዜም አለ። ጎጃም ይህን አሳምራ ታውቃለች። በላይ ዘለቀ ጣልያንን ሲዋጋ ኖሮ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል የቢቸና ሰው የተሰማው ሐዘን ተስካር ያልወጣለት ሐዘን ነው። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ በእርሻ ገቢ ላይ አዲስ ግብር ሲታወጅ ባለርስቱ የጎጃም ገበሬ ግብሩን የርስቱ መለኪያ ገመድ አድርጎ አየው። መሬቴ ከተለካ ርስቴ አለቀ አለ። ሞጣና ቢቸና ካመፁት ግንባር ቀደም ነበሩ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ የቅሬታው ሁሉ መውጫ ስም ሆኑ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ሳይቀር ገበሬው ላይ ዘመተ። መልእክተኞችና አጣሪዎችም ተመላለሱ። በመጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ ሌላ ገዥ መጣ፤ የቆየ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራ ቀረ።

ይህን ታሪክ የፖለቲካ ጸሐፊዎች እንደ ገበሬ ድል ወይም እንደ ዘውዱ ማፈግፈግ ያነቡታል። በደም ሥርዓት ዓይን ሲያዩት ሌላ ነገር ይታያል። በዳይ ከተበዳይ ዓይን ራቀ፤ ገዳይ አገር ለቆ እንደሚሄደው ማለት ነው። ካሳ ተከፈለ፤ የተሰረዘው ውዝፍ ማለት ነው። ድንጋይ ተሸክሞ የተንበረከከ ግን አልነበረም። «ማሩኝ» ያለም የለም። ማረሻውን ትቶ ሲዋጋ የሞተው ገበሬ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው፣ ስሙ በማንም ፊት አልተጠራም። ግማሽ እርቅ ነበር። ግማሽ እርቅ በጎጃም ምን ይባል እንደሆነ ሽማግሌ ቢጠየቅ «ውሎ የሚያድር ቂም» ይላል።

በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ መንደሩን ከውስጥ ከፈለው። «ቢሮክራሲ» ተብሎ የተፈረጀ ሰው መሬቱ ተቀንሶ ለጎረቤቱ ተሰጠ። ሰጪው መንግሥት፣ ተቀባዩ ጎረቤት፤ ድንበሩ ላይ በየዓመቱ በእርሻ ወቅት የሚገናኙት ግን ሁለቱ ገበሬዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹም ራሳቸው ተፈረጁ። ትላንት የሰፈሩን ጠብ ያበርድ የነበረ ሰው ዛሬ አንዱ ወገን ተደርጎ ተቆጠረ። ሽማግሌ ወገን ከሆነ የሚመላለስበት መንገድ ይዘጋበታል።

አሁን ስለ ሴቶቹ። የሽምግልናውን ክብ ስወድ ይህንን እያወቅሁ ነው። በክቡ ውስጥ ሴት የለችም። የምታለቅሰው እናት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው ሚስት፣ ወንድሟን ያጣችው እህት ከአጥሩ ጀርባ ናቸው። ብልህ ሽማግሌ ከወንዶቹ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ወደ ማጀት ቃል ይልካል፤ የመበለቲቱ ልብ ካልቀለለ የወንድሙ እሺታ ባዶ መሆኑን ያውቃልና። የሙሾዋ ግጥም ደም ሊያስመልስ ይችላል፣ ዝምታዋም ደም ሊያደርቅ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ይዛ ወንበር የላትም። ከዚህ የከፋው በእርቅ ስም የተሰጠችው ልጅ ናት። ባልገደለችው ሰው ዕዳ፣ ባልጠየቀችው ጋብቻ፣ ደመኛ ቤት ገብታ ትኖራለች። ምሥራቅ ጎጃም ልጅ በልጅነቷ የምትዳርባት አገር ሆና ኖራለች፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ቢያደርገውም ልማድ በአዋጅ ማግሥት አይሞትም። ሌላውን ሁሉ እየጠበቅን ይህን መጣል እንችላለን፤ መጣልም አለብን። ካሳ በገንዘብ ይከፈል፣ በከብት ይከፈል፣ በሰው ግን አይከፈል።

ክቡ ሌላ መልክ ሊይዝ እንደሚችል በዚሁ ክልል ማሳያ አለ። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሥራችነት በደቡብ ጎንደር ፎገራ የተጀመረው የአውራምባ ማኅበረሰብ ቤተሰብ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ተቀምጦ የሚነጋገርበት ልማድ አለው። አባት፣ እናትና ልጅ የሠሩትንም ያጠፉትንም ያወራሉ፤ ልጅ አባቱን ይተቻል። ጎጃም አውራምባን ትምሰል ማለቴ አይደለም፤ አውራምባ ራሷን የቻለች ነገር ናት። ልጅ ተናግሮ፣ ሚስት ተናግራ ቤት እንደማይፈርስ ግን ታሳያለች። በወሎም አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ከአንድ ጉባኤ ያስቀምጣሉ።

ይህ የሞጣን ነገር ያነሣል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ። ለዘመናት አንድ ገበያ የገበዩ፣ በአንድ እድር የተቀባበሩ ሰዎች ከተማ ናት። ድርጊቱ በመላ አገሪቱ ተወገዘ፤ ለመልሶ ግንባታው በአገር ውስጥም በውጭም ገንዘብ ተሰባሰበ። ገንዘቡ ካሳ ነው፤ ካሳም ግድ ነው። ነገር ግን የሱቁ በር ሲሰበር የጎረቤቱን ድምፅ የለየ ሰው ያን ድምፅ በማግሥቱም ገበያ ላይ ይሰማዋል። እሱ ዘንድ የሚሄድ እግር ያስፈልጋል። አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ የሰላም ኮንፈረንስ፣ ከመድረኩ ኋላ የተሰቀለ ባነር፣ በአበልና በምሳ የሚበተን ስብሰባ እዚያ ደጅ አይደርስም።

ሞጣ አጠገብ ዓባይ ላይ ስባራ ድልድይ የሚባል አለ። በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት፣ ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር መካከሉን ሰበሩት። ጠላት ወጣ፤ ድልድዩ ግን ለስድሳ ዓመት ያህል እንደተሰበረ ቀረ። ገበያ የሚሄድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ሰዎች ገመዱን ይዘው እየሳቡት በገደሉ ላይ ይሻገር ነበር። የዚህን ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2002 መጥቶ ከአገሩ ሰው ጋር ጠገነው። ጎርፍ መልሶ ወሰደው፤ በኋላ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ መረማመጃ ተሠራ። እኔን የሚገርመኝ በእነዚያ ስድሳ ዓመታት ገመዱን የያዙት ሰዎች ናቸው። የሁለት ጠቅላይ ግዛት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዳር ብቻ ቢይዘው ሰውየው ገደል ይገባል። ባለ ድልድዩ መንግሥት እስኪመጣ ድረስ ቆመው አልጠበቁም፤ ይዘው ቆሙ እንጂ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚደረገው ውጊያ ምሥራቅ ጎጃምን ከፍቶ ይዟታል። መንገድ ይዘጋል፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ስልክ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ በባሕር ዳር በተደረገ ጉባኤ የሰላም ካውንስል ተቋቁሞ ሁለቱን ወገን ለማነጋገር ተነሥቷል። የአገር አቀፍ ምክክር ኮሚሽንም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። ሁለቱንም አልንቅም። ነገር ግን የደምን ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀውን እጠይቃለሁ፤ ማን ሄደ? ስንት ጊዜ ሄደ? እምቢ ሲባልስ ተመልሶ ሄደ? በደም ሥርዓት የመጀመሪያው እምቢታ የእርቁ መጀመሪያ ነው። በፖለቲካችን ግን የመጀመሪያው እምቢታ መግለጫ ይወጣበታል።

የትልቁ ጦርነት ሌላው ጉዳት ትንንሾቹ ደሞች ናቸው። መሣሪያ በበዛበት፣ ፍርድ ቤት በማይውልበት፣ ፖሊስ ከከተማ በማይወጣበት ጊዜ የድንበር ጠብ ነፍስ ያጠፋል፤ የቆየ ደመኛም ቀኑ ዛሬ ነው ይላል። ጦርነቱ አንድ ቀን ያልቃል። እነዚህ ደሞች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሽማግሌ፣ የራሳቸውን አርባና ሰማንያ፣ የራሳቸውን ዋስ ይፈልጋሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እያረጁ ነው። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ወይ ጫካ ገብቷል፣ ወይ ተሰዷል። ከዘራውን የሚቀበል ሰው ከአባቱ ጎን ሆኖ በሟች ደጅ ማርፈድ ነበረበት፤ ይህ ሙያ በሥልጠና ማኑዋል አይተላለፍም። የሠላሳ ዓመት ሰዎች፣ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆኑ ሴቶች፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሆነው መሄድ ቢጀምሩ ብዬ እመኛለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከቤት ቤት በእግር ትሄዳለች፤ የየማጀቱን ሐዘን ታውቃለች።

እስከዚያው ድረስ አንድ የማይዘጋ መንገድ አለ። ለቅሶ። ምንም ዓይነት ጊዜ ቢሆን ጎጃሜ ለቅሶ አይቀርም። ድንኳን ይተከላል፤ ከየአቅጣጫው ሰው በእግሩ ይመጣል፤ ሁለት ዓመት ያልተያዩ ሽማግሌዎች አጠገብ ላጠገብ ይቀመጣሉ። ንፍሮ ይዞራል። ለቅሶው ጋብ ሲል አንዱ ወደ ሌላው ዘንበል ብሎ፣ ከዘራውን መሬት ላይ እያሽከረከረ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ይጠይቃል።

«የዚያ ልጅ ነገርስ? ወንድሙን አነጋግራችሁት ታውቃላችሁ?»

«ሁለት ጊዜ ሄድን። እምቢ አለ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ።»